የነቀዘው ዲስክ

"እጅህን አንሳ! አንሳ አልኩህ!"

ራሰ በራው የኮምፒውተር ጠጋኝ ጣቱን ከቁልፍ ሰሌዳው በላይ እንዳንጠለጠለ ዞሮ አያት። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ሦስት ፎቅ በሩጫ ወጥታ ትንፋሿ ተቆራርጧል፤ አንገቷ ላይ የተጠመጠመው ጥቁር ገመድ ጫፉ ጉልበቷ ላይ ይወዛወዛል። ስክሪኑ ላይ አንድ ጥያቄ ተደቅኗል፦ በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ በሙሉ ይጠፋል፤ ይቀጥል? አዎ ለማለት የቀረው አንዲት ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር።

"ምን አጠፋሁ እትዬ?" አለ ጠጋኙ፤ እጁን ግን አነሳ። "ኃላፊው ናቸው ፎርማት አድርገው ያሉኝ። ዲስኩ ባድ ሴክተር አለበት። ፎርማት ሲደረግ የተበላሸውን ቦታ ለይቶ ይዘጋዋል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ትሠሩበታላችሁ።"

"የተበላሸውን ይዘጋዋል። ውስጡ ያለውንስ ማን ይመልሰዋል?"

"እሱማ ባክአፕ፣ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ ይኖራችኋል ብዬ ነዋ።"

ሴትዮዋ ሳቀች። ሳቋ ጥርስ እንጂ ደስታ አልነበረውም። ከትከሻው በላይ እጇን ዘርግታ "ይቅር" የሚለውን ተጫነችው።

በዚህ የሥራ ክርክር ችሎት ውስጥ የመሣሪያ ባለሙያ ሆና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ማይክሮፎን የምትተክለው፣ የችሎቱን ድምፅ የምትቀዳው፣ ማተሚያው ወረቀት ሲያንቀው ከጉሮሮው ጎትታ የምታወጣለት እሷ ናት። ገመድ ከአንገቷ ስለማይወርድ ከዘበኛው እስከ ዳኛው "ገመዴ" ነው የሚሏት። መጀመሪያ ስሙን ትጠላው ነበር፤ በኋላ ስልክ ስታነሳ ራሷ "ገመዴ ነኝ" ማለት ጀመረች።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር የሁለት ዓመት የችሎት ድምፅ ለብቻው በሁለተኛ ዲስክ የተቀመጠበት ነው። ከስምንት ወር በፊት ፋይል ሲከፈት መንተባተብ ሲጀምር መረመረችውና ደረሰችበት፤ ዲስኩ ነቅዟል። ሃርድ ዲስክ መረጃን የሚያስቀምጠው ሴክተር በሚባሉ እልፍ አእላፍ ትናንሽ ጓዳዎች ከፋፍሎ ነው። አንዱ ጓዳ ሲበላሽ ውስጡ ያለው አይነበብም። አንድ ሁለቱ ቢበላሹ ዲስኩ ራሱ በመጠባበቂያ ይተካቸዋል። እየበዙ ሲሄዱ ግን ነገሩ የነቀዝ ነው፤ ዛሬ አንድ ፍሬ፣ ነገ ጆንያውን።

ለኃላፊው ደብዳቤ ጻፈች። "ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መረጃው ወደ አዲስ ዲስክ ይገልበጥ" አለች። "በጀት ሲፈቀድ ይታያል" የሚል መልስ መጣ። ከሦስት ወር በኋላ ሁለተኛ ጻፈች፤ ያው መልስ፣ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ መጣ። ለሦስተኛው ደብዳቤ መልስም አልመጣም። የመጣው ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ነው፤ በዚያው ወር ከታች ባለጉዳይ የሚጠብቅበት አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ። ከጠዋት እስከ ማታ "እንኳን ደህና መጡ" የሚል ጽሑፍ ያሳያል፣ ሌላ ምንም አያሳይም። ባለጉዳዩ መቀመጫ አጥቶ ከሥሩ ቆሞ ያነበዋል።

ዛሬ ጠዋት ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። እሷ ምድር ቤት ማይክሮፎን እየተከለች ስለነበር ማንም አልጠራትም። ዘበኛው ነው ጠጋ ብሎ "ገመዴ፣ ኮምፒውተርሽን የውጭ ሰው ይዞታል" ያላት።

"ማነው ሥራ ያስቆመው?"

ኃላፊው ገባ። ሱፉ ላይ አንዲት መጨማደድ የለችም።

"እኔ ነኝ" አለች ገመዴ።

"ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች ይመጣሉ። ይህ ክፍል ሲሠራ መታየት አለበት። የተበላሸ ዕቃ ይጠገናል፤ ይኼ ምኑ ያስጮሃል?"

"ይኼ ጥገና አይደለም፤ ቀብር ነው። ውስጡ የሁለት ዓመት ችሎት አለ።"

"የተጻፈው በወረቀት አለ። ያልተጻፈው ደግሞ እንደገና ይሰማል። ምስክሩ ይጠራል፣ ይናገራል፣ አለቀ።"

"የሞተ ምስክርስ?"

ኃላፊው ሰዓቱን አየ።

የሞቱት ምስክር ጋሼ ቅባቱ የሚባሉ፣ በክር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የማሽን ቅባት ሲቀቡ የኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያ ፋብሪካ አንዲት ሠራተኛ ቀኝ እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ማሽን ወስዶባታል። ፋብሪካው "ክዳኑን ራሷ ከፍታ እጇን ሰደደች" አለ። አብረዋት የሠሩት ሁሉ አላየንም፣ አልሰማንም አሉ፤ የሚያበሏቸው ልጆች አሏቸው። "ኧረ ክዳኑ ሳምንቱን ሙሉ አልነበረም!" ብለው ችሎት ፊት የቆሙት ጋሼ ቅባቱ ብቻ ናቸው። ሃያ ሁለት ደቂቃ ተናገሩ። በአራተኛው ወር ሳንባቸው አሸነፋቸውና ሞቱ። ቃላቸው ወደ ጽሑፍ አልተገለበጠም፤ ተራው አልደረሰም ተብሎ እዚሁ ዲስክ ውስጥ ቀርቷል። አሁን ዳኛው ለሰኞው ቀጠሮ ጽሑፉ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ አዝዘዋል። ዛሬ ሐሙስ ነው።

"ስንት ሰዓት ይበቃሻል?" አለ ኃላፊው።

"እስከ አሥር ሰዓት ይስጡኝ።"

"አሥር ሰዓት ላይ የሚሠራ ኮምፒውተር እዚህ ካላየሁ፣ ሥራ አደናቅፋለች ብዬ እጽፍብሻለሁ።"

"ይጻፉ። መጻፍ እንደሚችሉም በዚሁ እናውቅ።"

ኃላፊው ጆሮው ቀላ። በሩን ወርውሮት ወጣ። በሩ ሲጋጭ ዲስኩ ሁለት ጊዜ ቀጭ አለ፤ ገመዴ ሕፃን እንደተቆነጠጠባት እናት ፊቷ ተኮማተረ።

ጠጋኙ ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ዊንጩን ቦርሳው ውስጥ ከከተተ በኋላ መልሶ አወጣው።

"የሞተ ሰው ድምፅ አለበት ብሎ የነገረኝ የለም" አለ። "በእናቴ እምልልሻለሁ እትዬ። አሮጌ ኮምፒውተር ነው ነው ያሉኝ።"

"አውቃለሁ።"

"የምትገለብጪበት ዲስክ አለሽ?"

"ሦስት ጊዜ ጠይቄ የሰጡኝ ቴሌቪዥን ነው።"

ጠጋኙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "ሱቄ ከመንገዱ ማዶ ነው። አንድ ያልተከፈተ ዲስክ አለኝ፤ ሥራሽን ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ" ብሎ ወጣ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ።

ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ ጎኑን ከፈቱት፤ ዲስኩ አንዴ ከጠፋ ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። አዲሱን ዲስክ በሷ ገመድ አገናኙት። ገመዴ የጠረጴዛ ማራገቢያ አምጥታ ንፋሱን ወደ አሮጌው ዲስክ አዞረችው፤ ብረቱ እጅ ያቃጥላል።

"መጀመሪያ የተበላሹትን መርምረን ብንጠግናቸውስ?" አለ ጠጋኙ።

"የታመመ ሰው ዳገት አያስሮጡትም። ጥገናው ራሱ ይገድለዋል። መጀመሪያ ሳያስቸግር የሚነበበውን ሁሉ እንገልብጥ። እምቢ ያለውን እንለፈው። ጉልበቱ ከተረፈ ተመልሰን እንለምነዋለን።"

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መገልበጥ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ይሳባል። ደህና ቦታ ሲያገኝ ይፈጥናል፤ የነቀዘው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ቀይ ነጥብ ጥሎ ያልፋል። ሁለቱም በእያንዳንዱ ቀይ ነጥብ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ገመዴ በሩ ላይ "በቀስታ ዝጉ" የሚል ወረቀት ለጠፈች። አንድ ተላላኪ ወረቀቱን አንብቦ ሲያበቃ በሩን በእግሩ ረገጠው፤ የሰማው ስድብ እስከ ምሳ ሰዓት ጆሮው ውስጥ ሳይጮህ አልቀረም።

ስድስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጠራ። ታላቅ እህቷ ናት።

"የት ነሽ? እማዬን ዓይን ሐኪም ጋ የምትወስጃት በስምንት ሰዓት መሆኑን ረሳሽው?"

"እህት ዓለም፣ ዛሬን አንቺ ውሰጃት። ዲስኩ ሊሞት ነው።"

"የቱ ዲስክ? ያ ሁልጊዜ የምታወሪለት?"

"እሱ። የምስክሩ ቃል አለበት። ስምንት ወር ሙሉ ጽፌ ጽፌ…"

"እሱማ ያንቺ ነገር እንደዚህ ነው" አለች እህቷ። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ነው ይበልጥ ያመማት። "ትጽፊያለሽ፣ ግልባጩን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፊያለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍሽን ትተኛለሽ። አባታችን ከሥራ ሲባረርም አቤቱታ ጽፈሽ ነው ያረፍሽው። በይ፣ እማዬን እኔ እወስዳታለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ገመዴ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። መሳቢያው እዚያው ጉልበቷ ሥር ነው፤ የሦስቱም ደብዳቤ ግልባጭ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አለበት። እስከ ዛሬ ስታየው ትጽናና ነበር።

ስምንት ሰዓት አካባቢ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ አገኘች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የቀኝ እጇን እጅጌ አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች፤ ማኅደሯን በግራ ክንዷ አቅፋለች። ባለጉዳይዋ ናት።

"እትዬ፣ ዘበኛው የነገረኝ እውነት ነው? የጋሼ ቅባቱ ቃል ጠፋ?"

ገመዴ አጽናኝ ውሸት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

"አልጠፋም። ግን ታሟል። እያወጣነው ነው፤ ምን ያህሉ እንደሚወጣ አላውቅም።"

"እንዴት ይታመማል? ወረቀት እንኳ ሃምሳ ዓመት ይቀመጣል!" ባለጉዳይዋ ተነሳች። "የኔን እጅ ማሽን በላው። አሁን ደግሞ የእሳቸውን ቃል ማሽን ሊበላው ነው? ለመሆኑ እኚያ ሰውዬ እንዴት እንደመጡ ታውቂያለሽ? እየሳሉ፣ በየደረጃው እያረፉ፣ 'ልጄ፣ ይህን ሳልናገር አልሞትም' እያሉ ነው የወጡት። ተናገሩ፤ ሞቱ። የእሳቸው ድርሻ ይህ ነበር። የእናንተ ድርሻ ምን ነበር? ማስቀመጥ! ማስቀመጥ ያቅታል?"

ድምጿ ኮሪደሩን ሞላው። ሁለት በሮች ተከፍተው ተዘጉ። ገመዴ "ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ" ልትል አሰበችና አፈረች።

"ልክ ነሽ እህቴ" አለች። "ልክ ነሽ" ብላ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ከችሎቱ ፋይሎች አብዛኞቹ ወጥተዋል። የጋሼ ቅባቱ ፋይል ግን ስድስት ቀይ ነጥብ አለበት። እንለምነው ባሉት መሠረት ተመልሰው ለመኑት። አንዱ ነጥብ በሰባተኛው ሙከራ አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛው በሃያኛው። ጠጋኙ "ጎበዝ፣ ጎበዝ፣ አይዞህ" እያለ ዲስኩን ያበረታታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን ገመዴ ትስቅበት ነበር። አምስተኛው ነጥብ አረንጓዴ እንደሆነ ዲስኩ ረጅም የፉጨት ድምፅ አሰማ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ቀጭታውም ቆመ። የሚሰማው የማራገቢያው ንፋስ ብቻ ነበር።

"አበቃለት" አለ ጠጋኙ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ገመዴ የተረፈውን ፋይል ከአዲሱ ዲስክ ላይ ከፈተችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሳል ተሰማ። የውኃ ብርጭቆ ጠረጴዛ ሲነካ ተሰማ። ከዚያ የሽማግሌው ሻካራ ድምፅ መጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ሰውዬው እዚያው ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ያህል።

"ክዳኑማ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ። እኔ እንኳ ሁለት ቀን ተደናቅፌበታለሁ።"

"ማን እንዲነሳ አዘዘ?" ያን ጊዜ ችሎቱን ይመሩ የነበሩት፣ ኋላ የተዛወሩት ዳኛ ድምፅ ነው።

"ክዳኑን አንሱ ብሎ ያዘዘን…"

ድምፁ ተቆረጠ። ሰከንድ ቆጣሪው ብቻ ይሄዳል፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ።

"…ነው። ክዳን ካለ ማሽኑ ቶሎ ቶሎ ይቆማል፣ ምርት ይቀንሳል ብሎ። ፊት ለፊቴ ነው ያለው።"

"ወይ ጉድ!" አለ ጠጋኙ። "ነቀዙ ደግሞ ፍሬ መርጦ!"

ገመዴ ዓይኗን ጨፈነች። በዚያን ቀን መቅጃው ላይ የነበረችው እሷ ናት፤ ከምስክሩ በሦስት እርምጃ ርቀት፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ። ሽማግሌው ግራ እጃቸውን አንስተው በአገጫቸው ወደ ኋላ ወንበር ጠቁመዋል። የፋብሪካው ጠበቃ ሊቃወም ከመቀመጫው ብድግ ብሏል። ከዚያ በፊት የተባለውን ቃል ሰምታለች። አሁንም ትሰማዋለች። አልተጠራጠረችም፤ ብትጠራጠር በቀለላት ነበር።

ኃላፊው አሥር ሰዓት እስኪሞላ አልጠበቀም። የተዘጋጀ ቅጽ ይዞ መጣ። ጠጋኙ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

"ኮምፒውተሩ ይሠራል" አለች ገመዴ። "በአዲስ ዲስክ ነው። አሮጌው ሞቷል። የምስክሩ ቃል ከአሥራ አንድ ሰከንድ በቀር ወጥቷል።"

"በጣም ጥሩ። እዚህ ላይ ፈርሚ።"

ቅጹን አነበበችው። "በድንገተኛ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ምክንያት ዲስኩ የተበላሸ ሲሆን፣ መረጃው በሙሉ ያለ ጉድለት ተገልብጧል" ይላል።

"ድንገት ስምንት ወር አይፈጅም" አለች።

"ምን?"

"ድንገተኛ ይላል። ያለ ጉድለት ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው።"

ኃላፊው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ድምፁንም አለሰለሰ። "ገመዴ፣ እኔና አንቺ ስንት ዓመት አብረን ሠራን? ዝም አይነቅዝም ይባላል። አሥራ አንድ ሰከንድ ማን ይቆጥራል? ከቆጠሩ ደግሞ 'ለምን ቀድሞ አልተገለበጠም?' ይላሉ። ጥያቄው ለኔም ላንቺም አይበጅም። ያችን ጸሐፊ ታስታውሻት የለ? አንድ ጉዳይ ላይ ምስክር ልሁን ብላ አሁን የት ነው ያለችው? ምድር ቤት፣ አቧራ ስታራግፍ። አንቺ ለጡረታ ስንት ቀረሽ?"

"ዝም ስላልን እኮ ነው የነቀዘው" አለች ገመዴ።

እስክሪብቶ አነሳች። "በድንገተኛ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ምክንያት" የሚለውን ሰረዘች፤ "በሙሉ ያለ ጉድለት" የሚለውንም። ከሥሩ የሦስቱን ደብዳቤዎች ቀንና ቁጥር ጻፈች፤ መሳቢያውን መክፈት አላስፈለጋትም፣ በቃሏ ታውቃቸዋለች። የማይነበቡት ሰከንዶች ከየት እስከ የት እንደሆኑ ጻፈች። እዚህ ድረስ አልከበዳትም፤ ይህን ዓይነት ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ጽፋዋለች። ለመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። የእህቷን ድምፅ አሰበች። ምድር ቤት ያለችውን ጸሐፊ አሰበች፤ በበጋ እንኳ ሹራብ የማታወልቀውን።

ከዚያ ጻፈች፦ "በዕለቱ ድምፁን የቀዳሁት እኔ ነኝ። ባልተነበቡት ሰከንዶች ምስክሩ የተናገሩትን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ችሎቱ ከጠራኝ በመሐላ እናገራለሁ።" ፈረመችበት።

ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ። "ይህን ለኔ ተዪልኝ። አይቼ አስተላልፈዋለሁ።"

"አይድከሙ" አለች። ወረቀቱን ከእጁ በቀስታ ሳበችው። "የዳኛው ቢሮ ከዚህ ሁለት በር አልፎ ነው፤ ራሴ አደርሰዋለሁ።"

"ትጸጸቻለሽ!"

"ስምንት ወር ሙሉ ተጸጽቻለሁ።"

ጠጋኙ ከመስኮቱ ዞር ብሎ "እኔም ዲስኩ እንዴት እንደነበር አይቻለሁ፤ የሱቄ ቁጥር በሩ ላይ አለ" አለ፤ ኃላፊውን ሳይሆን ግድግዳውን እያየ። እንደዚያም ሆኖ ተናገረ።

ከዳኛው ቢሮ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ ባለጉዳይዋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ገመዴን ስታይ ብድግ አለች።

"ወጣ?"

"ወጣ። ክዳኑ ሳምንቱን ሙሉ እንዳልነበረ፣ በትእዛዝ እንደተነሳ፣ ለምን እንደተነሳ፣ ሁሉም አለ። ማን እንዳዘዘ የሚሉበት ቦታ ላይ ብቻ አሥራ አንድ ሰከንድ ጠፍቷል።"

የባለጉዳይዋ ዓይን ሞላ፤ ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። "አንቺ እኮ ነበርሽ! ማዳመጫ አድርገሽ ጥግ ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። እኔ ያን ቀን ከሕመሜ ገና አላገገምኩም ነበር፤ ምን እንደተባለ አላስታውስም። ማን አሉ? ንገሪኝ!"

ቃሉ ገመዴ ምላስ ላይ ነበር። አንዲት የሥራ መደብ ናት፣ ሁለት ቃል።

"አልነግርሽም" አለች።

"እንዴት? የኔ እጅ እኮ ነው የተቆረጠው!"

"ስለዚህ ነው የማልነግርሽ። አሁን ካንቺ ጋር ካወራነው ሰኞ ዕለት የፋብሪካው ጠበቃ 'ባለጉዳይዋ ናት ያስጠናቻት' ይላል፤ እውነቱም ውሸት ይሆናል። ከኔ አፍ መጀመሪያ የሚሰሙት ዳኛው ናቸው። አንቺም ያን ቀን አብረሽ ትሰሚዋለሽ።"

ባለጉዳይዋ ከንፈሯን ነክሳ አየቻት። ልትጮህባት የፈለገች ትመስል ነበር። በኋላ ግን ማኅደሯን በግራ እጇ ከአግዳሚው ላይ አንስታ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ አደረገችው፤ ጠጋ ብላም ቦታ ለቀቀችላት።

"እንግዲያው ተቀመጪ" አለቻት። "ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው ብለውኛል፤ አብረን እንጠብቃቸው።"

ገመዴ ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ተቀመጠች።